«ሂሳብ ነው» ብሎ መገላገል

ሸዋዬ፦ ትናንት በቀጥታ ስርጭት አንዱ «አሜሪካ ላይ ባርነት የተስፋፋው ነጭ ሙቀቱን ስላልቻለ ነው» ሲል ሰዉ ልብ ያዘንብለታል። ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችውን የቨርጂኒያን ትምባሆ መጀመሪያ ማን ኮተኮተው? እንግሊዛዊ የውል አገልጋይ! በ1671 (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው) አገረ ገዢው በርክሌይ ለለንደን ሲጽፍ ከ40 ሺህ ሕዝብ 6 ሺህ አገልጋይ፣ 2 ሺህ ጥቁር ባርያ ነው ያለው። ሙቀቱ ከዚያ በኋላ ነው የገባው?

ባለሚዛኑ፦ የሙቀቱ ተረት ነው። ግን ነገሩ ሂሳብ ነው። አገልጋዩ የመርከብ ዋጋውን ከ4 እስከ 7 ዓመት ሠርቶ ይከፍላል። ባርያ በጣም ውድ ነው፤ አዲስ መጪ ሁሉ በወባና በተቅማጥ በሚያልቅበት ዘመን ለዕድሜ ልክ ጉልበት ያን ያህል መክፈል ኪሳራ ነው። ከ1660ዎቹ ወዲህ እንግሊዝ ደመወዝ ጨመረ፣ ተሰዳጁ ቀነሰ። በ1681 አዲሷ ቅኝ ግዛት ፔንሲልቬኒያ ተከፍታ የቀረውን ሳበች። በ1698 የእንግሊዙ ሮያል አፍሪካን ካምፓኒ በባርያ ንግድ ላይ የነበረው የብቻ መብት ቀረና የባርያ መርከብ ጎረፈ። አለቀ።

ሸዋዬ፦ «ሂሳብ ነው»! እሺ ጌታው፣ 1640ን አስላልኝ። ሦስት አገልጋዮች ከቨርጂኒያ ጠፍተው ሜሪላንድ ተያዙ። ለሦስቱም 30፣ 30 ግርፋት። ሆላንዳዊውና ስኮትላንዳዊው 4 ዓመት ተጨመረባቸው፤ ጥቁሩ ጆን ፓንች ዕድሜ ልኩን ያገልግል ተባለ። ያኔ የአገልጋይ እጥረት ነበር?

ባለሚዛኑ፦ አንድ ፍርድ ሥርዓት አይሆንም።

የጎጃሟ፦ አንድ ብቻ? ከጥቁር እናት የተወለደችው የቨርጂኒያዋ ኤልሳቤጥ ኪ «አባቴ እንግሊዛዊ ነው፣ ተጠምቄያለሁ» ብላ ተሟግታ በ1656 ነፃ ወጣች። በ1662 ልጅ የእናቱን ዕጣ ይውረስ ተባለ፤ በ1667 ጥምቀት ነፃ አያወጣም። የወጣችባቸውን ሁለቱንም በሮች ዘጓቸው። ጌታው ያስረገዛት ሴት ለገዛ አባቱ ባርያ የሚሆን ልጅ ትወልዳለች ማለት ነው።

ባለሚዛኑ፦ ይኸው፣ ራስሽ አመጣሽው። በነፃ ባርያ የሚያስገኝ ሕግ ሂሳብ ካልሆነ ምንድን ነው?

የጎጃሟ፦ የሕግ አውጪው ሂሳብ ነዋ! አንተ ግን ገበያውን እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ አስመሰልከው።

ዲያቆኑ፦ ስለ ጥምቀቱ፣ የትምባሆ ነጋዴ ያወጣውን ሕግ ቤተ ክርስቲያን ላይ አትለጥፉ።

ሸዋዬ፦ ማን ለጠፈ? የቨርጂኒያ ምክር ቤት ነው ያወጣው። አዋጁ ራሱ ጌቶች ሳይፈሩ ባርያቸውን እንዲያስጠምቁ ነው ይላል። ተቆርቋሪዎች!

ወሎዬው፦ ናትናኤል ባኮን በአገረ ገዢው በርክሌይ ላይ የመራውን አመፅስ ማን ዋጠው? በ1676 የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ጄምስታውን ስትቃጠል ነጭ አገልጋይና ጥቁር ባርያ ባንድ ወገን ነበሩ። መጨረሻ ላይ እጅ አንሰጥም ካሉት 80ዎቹ ጥቁሮች፣ 20ዎቹ እንግሊዛውያን ናቸው። ጌቶቹ እዚያ ላይ ደነገጡ። በ1705ቱ ሕግ ውሉን የጨረሰ ነጭ 10 ቡሼል በቆሎ፣ 30 ሽልንግና ጠመንጃ ተቀብሎ ይሰናበታል። ጥቁር፣ ነፃ የሆነውም ቢሆን፣ ነጭ ክርስቲያን ላይ እጁን ካነሳ 30 ግርፋት። መለያየቱ እንዲህ ተሠራ።

ባለሚዛኑ፦ የባኮን ሰዎች የተነሱት የነባሮቹን ሕዝቦች መሬት ለመንጠቅ ነው፣ የፍቅር ማኅበር አታድርጋቸው። ትልልቆቹ ባለ እርሻዎችም ከ1676 በፊት ባርያ መግዛት ጀምረዋል። ሕግ ሕግ ለምትሉት ደግሞ ጆርጂያ አለችላችሁ፦ በ1735 ባርነት ተከለከለ፣ ሰፋሪው የሳውዝ ካሮላይናን የሩዝ ሀብት እያየ አቤት አለ፣ በ1751 ተፈቀደ። ሕጉን ምን ጣለው? ሂሳብ።

የጎጃሟ፦ የካሮላይና ሰፋሪዎች ከእንግሊዟ የካሪቢያን ደሴት ከባርቤዶስ የባርያ ሕጉን ይዘው መምጣታቸውን ዘለልከው። ደግሞ ሩዝ እንዴት እንደሚመረት ታውቃለህ? ረግረግ መመንጠር፣ ግድብ መሥራት፣ እስከ ጉልበት ጭቃ ውስጥ ቆሞ ማረም፣ አዝመራው ሲገባ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በእንጨት ሙቀጫ መውቀጥ። የራሱን መሬት ማግኘት የሚችል ሰው በደመወዝ አይገባበትም። ያ ትርፍ ትርፍ የሚሆነው መገረፍን የሚፈቅድ ሕግ ሲኖር ነው።

ባለሚዛኑ፦ ስለዚህ ሂሳብ መሆኑን አመንሽ።

የጎጃሟ፦ አንብበህ ነው የምትመልሰው?

ወሎዬው፦ ጆርጂያ ላይም ባርነት በጽድቅ አይደለም የተከለከለው። ፍሎሪዳ ያለው ስፔን ከ1693 ጀምሮ የሸሸውን ባርያ ካቶሊክ እስከሆነ ነፃ ያወጣ ነበር። ድንበር ላይ ባርያ ማስቀመጥ ለጠላት ወታደር መመልመል ነው ብለው ፈሩ።

ዲያቆኑ፦ ታዲያ ስፔን ጋ ጥምቀት ነፃ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ዝም ያላችሁት ለምንድን ነው?

ሸዋዬ፦ ስፔኖቹ በያዟት ኩባ ላይስ ስንቱን ተጠማቂ ነፃ አወጡ? ኧረ ተወን!