ትንንሽ ወፎችን ሳነሳ ፎቶው ለምን ብዥ ይልብኛል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግቢዬ ውስጥ ድንቢጦችና ሌሎች ትንንሽ ወፎች ይመላለሳሉ፤ ሲያዩዋቸው መዋል ነው የሚያሰኘው። ካሜራዬ 1.5 ክሮፕ ሴንሰር (አነስ ያለ የምስል መቀበያ) ያለው ነው፣ ሌንሴ ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር። ግን ወፏ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እንኳ ፎቶው ብዥ ይላል። ካልሆነም ቅጠሉ ጥርት ብሎ ወፏ ትጠፋለች። ጠጋ ልበል ስል ብር ትላለች። ሹተር ስፒዱ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ብዙ ጊዜ 1/250 ሰከንድ ነው። ትልቅ ሌንስ ካልገዛሁ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦
ሌንስ ለመግዛት አትቸኩል ወንድሜ። ያንተ 300 ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ) ላይ 450 የሚያሳየውን ያህል ያቀርባል፤ ለግቢ ወፍ ይበቃል። ጣጣው ያለው 1/250 ላይ ነው። ትንሽ ወፍ ቁጭ ብላም አታርፍም፣ ጭንቅላቷን ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ጭራዋን ትነቀንቃለች፣ አንተ ደግሞ ረጅም ሌንስ ይዘህ እጅህ ትንሽ ሲንቀሳቀስ እንቅስቃሴው ፎቶው ላይ ይጎላል። ለተቀመጠች ወፍ ከ1/1000 አትውረድ፣ ለምትበር 1/2000 እና ከዚያ በላይ። ብርሃን ካነሰ አይኤስኦው (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት ቁጥር) ይውጣ፤ 1600ም 3200ም ቢሆን አትፍራ። ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚወጣው ነጠብጣብ) በኋላ ይቀነሳል፣ ብዥ ያለ ላባ ግን ምንም ብታደርገው አይመለስም።

ቅጠሉ የሚጠራው ካሜራው የፎከስ ነጥቡን (የሚያጠራበትን ቦታ) ራሱ ስለሚመርጥ ነው። አንድ ነጥብ ብቻ አድርግና ዓይኗ ላይ አሳርፈው። ፎከሱም ተከታታይ (ወፏ ስትንቀሳቀስ አብሮ የሚከተል) ይሁን፣ ካኖን ላይ ሰርቮ፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ-ሲ የሚባለው። ዓይኗ ከጠራ ጭራዋ ትንሽ ብዥ ቢል ማንም ልብ አይልም።

መልስ፦
ቅንብሩ ልክ ነው፤ እኔ ግን ወፏን ማወቅ ይቅደም ባይ ነኝ። አንተ አትጠጋ፣ እሷ ትምጣ። ዝርግ ዕቃ ላይ ውሃ አድርግና ከጎኑ አንድ ቀጭን ደረቅ ቅርንጫፍ ትከል። ወፎች ብዙ ጊዜ ውሃው ላይ ከመውረዳቸው በፊት ቅርብ ያለ ነገር ላይ አርፈው ዙሪያውን ይቃኛሉ፤ የምትፈልጋት ቅጽበት ያቺ ናት። ከቅርንጫፉ ጀርባ ያለው አጥር ወይም ቁጥቋጦ በራቀ ቁጥር ባክግራውንዱ ይለሰልሳል። ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ ዝቅ ብለህ ተቀመጥ፣ ሌንሱ ከወፏ ዓይን ጋር እኩል ይሁን። ያኔ ዓይኗ ውስጥ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ትገባለች፤ ፎቶው ላይ ነፍስ የምትዘራው እሷ ናት። ቤት ውስጥ ሆነህ ከሆነ የምታነሳው መስኮቱን ክፈተው፤ በመስታወት አሳልፈህ ስታነሳ ጥራቱ ይቀንሳል።

ጠያቂው፦
በጣም አመሰግናለሁ! 1/1250 ላይ ሞከርኩት፤ የአንገቷ ላባ አንድ በአንድ ይቆጠራል! ግን ከጀርባዋ ሰማይ ሲሆን ትጠቁርብኛለች። ደግሞ አጥሩ ሥር ጎጆ እየሠሩ ነው፣ እዚያ ሄጄ ባነሳስ?

መልስ፦
ሰማዩ ደማቅ ስለሆነ ካሜራው ሁሉንም ያጨልመዋል፤ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ፕላስ 1 አድርገው፣ ካልበቃ ጨምርበት። ሰማዩ ቢነጣ ይንጣ።

ጎጆውን ግን በእግዜር ተወው። ሰው ሲጠጋ እናትየዋ ትነሳለች፣ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ጥላው ትሄዳለች። ለፎቶ ብለህ ቅጠሉን ገለጥ ብታደርግ ደግሞ ለድመት ማሳየት ነው። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ወላጆቹ ትል በምንቃራቸው ይዘው ስለሚመላለሱ ያንን ከሩቅ አንሳ፤ ከጎጆው ፎቶ እሱ ይበልጣል። የወፍ ድምፅ በስልክ እየከፈቱ መጥራትም በተለይ በዚህ ጊዜ ይቅር፣ ሌላ ወፍ ክልላቸው የገባ መስሏቸው ይጨነቃሉ።

መልስ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ነፋሱንም እይ። ወፎች ብዙውን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ነው የሚነሱትም የሚያርፉትም። ስለዚህ ነፋሱም ፀሐዩም ከጀርባህ የሆኑበት ጠዋት ካገኘህ ሌላ ሥራ አትያዝ፤ ወደ አንተ ዞረው ታገኛቸዋለህ።