ሦስት ኤዲተር፣ አንድ ሰርቨር፦ 4ኬ ቪዲዮ ለምን ይቆራረጥብናል?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። የሰርግ ቪዲዮ እንሠራለን፤ ቤት ውስጥ ሦስት ሆነን ነው ኤዲት የምናደርገው። እስካሁን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እየተቀባበልን ነበር። ባለፈው ግን አንድ የቅልቅል ቪዲዮ ሁለት ዲስክ ላይ ተሠርቶ፣ የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ ስንፈልግ አመሸን። ስለዚህ አንድ የድሮ ኮምፒውተር ላይ አራት ሃርድ ዲስክ ገጥሜ ትሩናስ የሚባል፣ ኮምፒውተሩን የጋራ ፋይል ማስቀመጫ ሰርቨር የሚያደርግ ሶፍትዌር ጫንኩበት። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በኬብል ከኢንተርኔቱ ራውተር ጋር ተገናኝተዋል። ግን ቪዲዮው ይቆራረጣል። ፋይል ስገለብጥም በሰከንድ ከ11 ሜጋባይት አያልፍም። ዲስኮቹን ከሃርድ ዲስክ በሚፈጥነው ኤስኤስዲ ልቀይራቸው? ገንዘቡ ቀላል ስላልሆነ ሳልገዛ ልጠይቃችሁ ብዬ ነው።

ኔትወርክ ዘርጊ
ኤስኤስዲውን ገና እንዳትገዛ! 11 የሚለው ቁጥር ራሱ ችግሩን እየነገረህ ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ 100 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ይሆናል። መንገድ ላይ የሚባክነው ሲቀነስ ያንተ 11 ይመጣል። ዲስኮችህ ከዚያ በብዙ እጥፍ ያነባሉ፤ የጠበበው መስመሩ ነው።

ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ የራውተሩ ቀዳዳዎች የ100 ሜጋቢት ሊሆኑ ይችላሉ። ከሆኑ አንድ የጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) ስዊች፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በኬብል እርስ በርስ የሚያገናኝ ሳጥን ግዛና ሁሉንም እሱ ላይ ሰካ፤ ራውተሩ ለኢንተርኔት ብቻ ይቅር። ሁለተኛ፣ ኬብሉ። ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል። አንዷ በደንብ ካልነካች ብዙ ጊዜ ራሱ ወደ 100 ይወርዳል። ዊንዶውስ ላይ የኔትወርክ ካርዱን ስቴተስ ከፍተህ ስፒድ የሚለውን አንብብ።

የሰርግ ኤዲተር
ወንድሜ፣ ጊጋቢትም ቢሆን ሒሳቡን አስቀድመህ ሥራው። ብዙ ካሜራዎች 4ኬ ሲቀርጹ 100 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠቀማሉ። በአራት ካሜራ የተቀረጸ ሰርግ ጎን ለጎን ስትከፍት ለአንድ ሰው ብቻ 50 ሜጋባይት ነው። ሦስታችሁም አንዴ ብትከፍቱ 150። ጊጋቢት ደግሞ 110 አካባቢ ላይ ይቆማል።

እኛ ያዋጣን ፕሮክሲ ነው። ማታ ኮምፒውተሩ አነስተኛ ቅጂ ሲሠራ ያድራል፣ ቀን በእሱ እንቆርጣለን፣ ኤክስፖርት ሲደረግ ብቻ ዋናው ፋይል ይነበባል። ካሹንም (የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ለጊዜው የሚያስቀምጣቸውን ፋይሎች) ሰርቨሩ ላይ አታድርጉት፤ በየራሳችሁ ኮምፒውተር ኤስኤስዲ ላይ ይሁን።

ኔትወርክ ዘርጊ
ልክ ናት። ወደፊት አቅም ሲኖርህ ሰርቨሩን በ10 ጊጋቢት፣ እናንተን በ2.5 ጊጋቢት የሚያገናኝ ስዊች ፈልግ። ለ2.5 አሁን ያለው ካት 5ኢ ኬብል ይበቃል፣ ግድግዳ መብሳት የለም። ኤስኤስዲ የሚያስፈልግህ ያኔ ነው፤ እሱም እየሠራችሁበት ላለው ፕሮጀክት ብቻ። ያለቀው ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ።

ሌላ አባል
ስለ ፍጥነት ብቻ አታስቡ፣ እባካችሁ። ሰርቨሩንም ስዊቹንም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ አድርጉ፤ መብራት ሲጠፋ እየተጻፈ ያለ ፋይል ይበላሻል። ሬይድ (ዲስኮቹን እንደ አንድ አጣምሮ መጠቀም) ደግሞ ባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። አንድ ዲስክ ቢሞት ያተርፍሃል፣ በስህተት የጠፋ ፎልደር ግን ከአራቱም ላይ ነው የሚጠፋው። የሰው ሰርግ አይደገምም፤ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ጠያቂ
ተባረኩ! ራውተሩ እውነትም የ100 ነበር። ስዊች ገዛሁ፣ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ወዲያው 110 ገቡ። ሦስተኛው 11 ላይ ቀረ። የኬብሉን ጫፍ በስልክ መብራት ሳየው ቡናማዋ ሽቦ እስከ መጨረሻው አልገባችም። ቆርጬ አዲስ ጫፍ በመቆንጠጫ ገጠምኩለት (ክሪምፕ አደረግሁት)፣ እሱም ተስተካከለ። ሦስታችንም አራቱን ካሜራ ስንከፍት ግን አሁንም ይቆራረጣል፣ እንደተባለው ማለት ነው። ፕሮክሲውን ዛሬ ማታ አስጀምሬው ልተኛ ነው።