አልሃምብራ፦ የናስሪዶቹን ሥራ ከክርስቲያን ነገሥታቱ እንዴት እንለይ?

መንገደኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስፔን፣ ግራናዳ ላለው አልሃምብራ ትኬት ቆርጠናል፤ የናስሪድ (የግራናዳ የመጨረሻዎቹ ሙስሊም ሱልጣኖች) ቤተ መንግሥቶች መግቢያ 10:30 ይላል። ክርስቲያን ነገሥታቱ ግራናዳን ከያዙበት ከ1492 (እ.ኤ.አ.) በኋላ የለወጡትንና የጨመሩትን ከጥንቱ ለይተን ማየት እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር? ሰው የሚሳሳተውስ ምኑ ላይ ነው?

ጄሶና ኖራ፦
ሰዓቱ ላይ ነው። 10:30 ማለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ የናስሪዶቹን በር ብቻ ይመለከታል፣ ካለፈ ግን አያስገቡም። ብዙ ሰው ትኬት መሸጫው ጋ ሲደርስ የደረሰ ይመስለዋል፤ ከዚያ ገና ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ይኬዳል። ትኬቱ በእጃችሁ ስላለ ከከተማው ሽቅብ መጥታችሁ በፍትሕ በር (በ1348 የተሠራው) ብትገቡ ይቀርባችኋል። ዋናውን ፓስፖርት ያዙ። የእኛ ሰው ስም በላቲን ፊደል በየወረቀቱ ስለሚለያይ ከትኬቱ ጋር ዛሬውኑ አመሳክሩት። የጀርባ ቦርሳ ወደ ደረት ዞሮ ይያዛል፤ የግድግዳው ጄሶ በትንሽ ንክኪ ይፋቃል።

ሲራራ፦
ለጥያቄያችሁ ዋናው መልስ የመጀመሪያው ክፍል፣ ሜሹዋር፣ ውስጥ አለ፤ ሰው ግን ወደ አንበሶቹ ግቢ ሲጣደፍ ያልፈዋል። የሱልጣኑ ሸንጎ ነበር፣ በኋላ የክርስቲያን ጸሎት ቤት ሆነ። የግድግዳውን ሴራሚክ ቀረብ ብላችሁ እዩ፦ በናስሪዶቹ የኮከብ ሐረግ አጠገብ ሁለት ምሰሶና «ፕሉስ ኡልትራ» (በላቲን «ከዚያም ወዲያ») የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ የስፔኑ ንጉሥ የቀዳማዊ ካርሎስ (ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ የሚባለውም እሱው ነው) አርማ ነው። ጫፍ ላይ ያለችው የሙስሊሞች መስገጃ ክፍል ደግሞ ከሜሹዋር ጋር ቀጥ አትልም፤ ወደ መካ ስለዞረች።

ከዚያ ወዲያ ምልክቱ ቀላል ነው። ጄሶው ላይ «ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም» የሚለው ዐረብኛ ሲደጋገም ናስሪድ ነው። ከአንበሶቹ ግቢ (12 የድንጋይ አንበሳ፣ 124 ዓምድ) አልፋችሁ የእሳት ምድጃና በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ የእንጨት ኮርኒስ ካያችሁ የካርሎስ ክፍሎች ናቸው። ከወጣችሁ ተመልሶ መግባት የለም፤ ስለዚህ አትቸኩሉ።

ጄሶና ኖራ፦
የካርሎስን ቤተ መንግሥት ለመጨረሻ ተዉት፤ ያለ ትኬትም ይገባል። በ1527 ፔድሮ ማቹካ ጀመረው፦ ውጩ አራት ማዕዘን፣ ውስጡ ክብ። ወጪው ባብዛኛው ከሞሪስኮዎች (ክርስትና እንዲቀበሉ ከተደረጉ ሙስሊሞች) በሚሰበሰብ ግብር ይሸፈን ነበርና በ1568 ሲያምፁ ሥራው ቆመ፤ ጣሪያ ያገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቦታውን አበላሸ የሚሉ አሉ። ብቻውን ቢቆም ግን ድንቅ ሕንጻ ነው።

እግራችሁ ካልደከመ ዛሬ ሆቴል የሆነውን የሳን ፍራንሲስኮ ገዳም እዩ፤ የናስሪድ ቤተ መንግሥት ላይ የተሠራ ነው። ግራናዳን ከያዙት ነገሥታት አንዷ የሆነችው ንግሥት ኢዛቤላ መጀመሪያ የተቀበረችው እዚያ ሲሆን፣ በ1521 አፅሟ ከተማው ውስጥ ወዳለው የነገሥታት ጸሎት ቤት ተዛወረ።