የማርሽ እጀታ መቀየር ማርሹን ያለሰልሳል ወይስ ለጌጥ ነው?

የደብሬ ልጅ፦
ሰላም የመኪና ሰዎች። ደብረ ብርሃን ነኝ። የምነዳው የድሮ ኮሮላ ነው፣ ማንዋል፣ 5 ማርሽ። የማርሹ እጀታ ፕላስቲኩ ተልጦ መዳፌን ይቧጭረኛል። ላዩ ላይ የነበረው ቁጥርም ጠፍቷል፣ መኪናዋን የሚዋሰኝ ሰው ሁሉ ኋላ ማርሽ የት እንደሆነ ሳይጠይቀኝ አይሄድም። ስለዚህ መቀየሩ አይቀርም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ቪዲዮ ላይ የውጭ ልጆች ከባድ የብረት እጀታ ይገጥሙና «ማርሹ ራሱ ይገባል» ይላሉ። እውነት ነው? ሥራዬ ወደ ሸዋ ሮቢት ያመላልሰኛል፣ ጣርማ በርን መውረድና መውጣት ማለት ደግሞ ማርሽ ሲቀያይሩ መዋል ነው። በተለይ ጠዋት ከቤት ስወጣ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ አልገባም ብሎ ይግደረደራል፣ ጫን ሳደርገው ይገባል። ሞተሩ ከሞቀና ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ደህና ነው።

ሱቅ ያየሁት አንዱ አሉሚኒየም ነው፣ ሌላው ብረት። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። የቱ ይሻላል? ለእኔ መኪና መግጠሙንስ በምን አውቃለሁ? ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ነው የሚለው፣ ለሁሉም የሚሆን ነገር ደግሞ ያጠራጥረኛል።

ፎሌ፦
እውነት ነው፣ ግን የሚወራለትን ያህል አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ማርሽ ስትገፋ መሀል ላይ አንድ የሚይዝህ ቦታ አለ፣ ሲንክሮናይዘሩ የጥርሶቹን ፍጥነት እስኪያስተካክል። ቀላል ፕላስቲክ እጀታ እዚያ ቦታ ሲደርስ ይቆማል፣ ከዚያ ክንድህ እንደገና ይገፋዋል፣ ለዚህ ነው ቆረጥ ቆረጥ የሚልብህ። እጀታው ከባድ ከሆነ ግን አንዴ ከተነሳ ክብደቱ ራሱ ይዞት ያልፋል። ያው እጅህ ላይ ልስልስ ይላል ማለት ነው። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ግን ምንም የተቀየረ ነገር የለም።

አሉሚኒየሙን ለመልክ ካልሆነ ተወው። እኩል መጠን ያለው ብረት ከአሉሚኒየም 3 እጥፍ ገደማ ይመዝናል። ደግሞ ብረት ነው ተብሎ ውስጡ ባዶ የሆነም ይሸጣል፣ እንዲያውም ሱቁ ሚዛን ካለው አስመዝነው። ከ300 እስከ 500 ግራም ያለው ነው ልዩነቱ የሚሰማህ።

ቁመቱንም እይ። አጭር እጀታ የእጅህን ጉዞ ያሳጥራል፣ ግን ማርሹ ይከብድሃል። ረጅሙ ተቃራኒው ነው። ብዙ ሰው አጭሩን የሚገዛው እሽቅድምድም መኪና ስለሚመስል ነው፣ ለጣርማ በር ግን እኔ የፋብሪካውን ቁመት አልለቅም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ላዩ ምንም ያልለበሰ ብረት አትግዛ። ኅዳርና ታኅሣሥ ደብሬ ውርጭ ሲጥል ጠዋት ያንን ብረት ጨብጠህ ታየዋለህ። የዚያኑ ቀን ሮቢት ፀሐይ ላይ አቁመህ ስትመለስ ደግሞ ያቃጥልሃል። ከደብሬ ሮቢት ወደ 1,500 ሜትር ነው የምትወርደው፣ አንድ መኪና በአንድ ቀን ደጋም ቆላም ታያለች። ቆዳ የለበሰ ወይም ላዩ ፕላስቲክ ሆኖ ውስጡ ብረት የሆነውን ፈልግ።

ጋራዥ ነኝ፦
ወንድሜ፣ እጀታ ከመግዛትህ በፊት «ጠዋት አልገባም ይላል» ያልከው ላይ ቆም በል። ሲሞቅ ከተስተካከለ መጀመሪያ የምጠረጥረው የካምቢዮ ዘይት ነው። እኛ አካባቢ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ካምቢዮ ትንሽ ድምፅ ካሰማ ድምፁ እንዲጠፋ ተብሎ ወፍራም ዘይት፣ 140 የሚባለው ሳይቀር ይሞላበታል። አዋሽ በረሃ ላይ ላይታወቅ ይችላል። ደብሬ ጠዋት ላይ ግን ያ ዘይት እንደ ማር ይረጋል፣ ሲንክሮናይዘሩም ይለፋል። ለእንዳንተ ዓይነት መኪና የሚመከረው 75ደብሊው-90 ነው። ጣሳው ላይ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚል አለ፣ የመኪናህ መጽሐፍ የፈቀደውን ውሰድ። ጂኤል-4 ብቻ ብሎ ከሆነ ሻጩ «5 ይበልጣል» ቢልህ አትስማው፣ አንዳንዱ ጂኤል-5 ውስጥ ያለው ቅመም የሲንክሮናይዘሩን ነሐስ ሊበላው ይችላል።

አሁን ይህን ሞክር። ሞተሩን አጥፋና ፍሪሲዮን ረግጠህ ሁሉንም ማርሽ አስገባ አውጣ። ከዚያ አስነሳና ያንኑ ድገም። ጠፍቶ እንደ ቅቤ እየገባ ሲነሳ ከከበደ፣ በተለይ ኋላ ማርሽ ከጮኸ፣ ፍሪሲዮንህ ሙሉ በሙሉ እየለቀቀ አይደለም። ጠፍቶም ተነስቶም ከከበደ ችግሩ እጀታውን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ዘንግ ወይም ካምቢዮው ራሱ ላይ ነው። ማርሽ ገብቶም እጀታው ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ዘንጉ የሚያርፍበት ቡሽ አልቋል። የድሮ ኮሮላ ላይ ይህ የታወቀ ነው፣ ትንሽ ፕላስቲክ ናት፣ እሷን መቀየር ብቻውን መኪናውን አዲስ ያስመስለዋል። ከማንኛውም እጀታ በላይ።

የምፈራውን ልንገርህ። ሁለተኛ ማርሽ ብዙ ስለሚሠራ ሲንክሮናይዘሩ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይደክማል። ከባድ እጀታ ስትገጥምበት ግፊቱ ይጨምራል፣ ማርሹ ይገባል፣ አንተም ዳነ ትላለህ፣ በሽታው ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። ለደህና ካምቢዮ ከባድ እጀታ ምንም አይለውም፣ ለታመመ ግን መደበቂያ ነው።

ቶርኖ ቤት፦
«ለሁሉም ይሆናል» ያለህ ሰው እየሸወደህ ላይሆን ይችላል፣ ግን አትግዛው። እነዚያ ለሁሉም የሚባሉት ዘንጉን የሚይዙት በጎን በሚገቡ ትናንሽ ቡሎኖች ነው። የጠጠር መንገድ ንዝረት ያላላቸዋል። ከዚያ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ስታወርድ እጀታው እጅህ ላይ ይቀራል፣ ዘንጉ እዚያው። ይህን አልመኝልህም።

እጀታው የሚጠመዘዝበት የኮሮላ ዘንግ ጥርስ ብዙውን ጊዜ 12 በ1.25 ነው (ውፍረቱና በጥርስ መሀል ያለው ርቀት በሚሊሜትር)። ኒሳንና ማዝዳ ላይ 10 በ1.25 ይበዛል፣ ሆንዳ 10 በ1.5። ስለዚህ ቶዮታ ተብሎ ለኒሳን የተሠራ አትሸከም። የአሁኑን እጀታ ወደ ግራ አዙረህ ፍታው፣ ወደ ላይ አትጎትት። ከሥሩ ዳዶ ካለ መጀመሪያ እሱን አላላ። ያንኑ አሮጌውን ይዘህ ሱቅ ሂድና 12 በ1.25 ቡሎን ስጡኝ በል፣ አሮጌው ላይ በጣት ከገባ ልኩ እሱ ነው፣ አዲሱንም በዚያው ቡሎን ሞክረው። በግድ የሚገባ ከሆነ ተወው፣ የዘንጉን ጥርስ ታበላሻለህ። ሲገጠም ቁጥሩ ዞሮ ከቀረ ወይ ላላ ካለ ቧንቧ ላይ የሚጠመጠመውን ነጭ ተፍሎን ትንሽ ጠምጥምበት፣ ዳዶ ካለውም ከሥር በዳዶ አጥብቀው። ሙጫ አይነካውም።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ካለ፣ ኋላ ማርሽ ለማስገባት ከእጀታው ሥር ቀለበት ወደ ላይ የምትስቡ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እጀታው ያንን ቀለበት የሚያሠራ ካልሆነ ኋላ ማርሽ አታገኙም።

እንጨት ከወደድክ ደግሞ ወይራ አለልህ። ከባድ ነው፣ ብርዱም ሙቀቱም እጅ አይነካም። በደንብ የደረቀ ይሁን እንጂ፣ እርጥቡ ቆይቶ ይሰነጠቃል። መሀሉ ላይ የነሐስ ወይም የብረት ዳዶ ይቀበርበትና በቶርኖ ይዞራል። ክብደቱ ብረቱን አያክልም፣ ለመዳፍ ግን እንደሱ የሚመች አላውቅም።

መንዜው፦
ይሄ ሁሉ ክርክር ለብርድ ከሆነ ከበርኖስ ቁራጭ ቆብ አሰፉለት፣ አለቀ። ባይሆን ማርሹም ጎፈር ይለብሳል 😂

ጋሽ ሹፌር፦
ልጆች፣ እኔ የጭነት መኪና ሰው ነኝ፣ የእናንተን ጌጥ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልበል። እጀታው ደስ ሲል እጅ ከላዩ አይነሳም። እዚያ ላይ እጅ ማሳረፍ ካምቢዮው ውስጥ ማርሹን የሚገፋውን ሹካ ሳይታወቅ ይበላዋል፣ ማርሽ አስገብተህ እጅህን ወደ መሪው መልስ። ጣርማ በርንም ስትወርድ ማርሹን ከቁልቁለቱ በፊት ነው የምትመርጠው፣ መኪናው ከፈጠነ በኋላ እየታገልክ አይደለም። ማርሽ አውጥቶ ፎሌ አድርጎ መውረድማ ነዳጅ ቆጠብኩ የሚል ሰው ሥራ ነው፣ ፍሬኑ ሲግል ነው የሚገባው።

የደብሬ ልጅ፦
ጋሼ እሺ፣ እጄን እሰበስባለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያላችሁትን ሞከርኩት። ጠፍቶም ተነስቶም ጠዋት ላይ ይከብዳል፣ ኋላ ማርሽ አይጮህም። እጀታው አይወዛወዝም። የሸጠልኝን ሰው ደውዬ ስጠይቀው «ወፍራም ነው የሞላሁት፣ ድምፅ ነበረው» አለኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ዘይቱን ላስቀይር ነው። እጀታውን ከዚያ በኋላ አየዋለሁ፣ የወይራው ሐሳብ ግን ልቤን ወስዶታል። ዘይት ሲቀየር የማየው ነገር አለ?

ጋራዥ ነኝ፦
ፍሪሲዮኑ ደህና ነው ማለት ነው፣ ጥሩ። ድምፅ ነበረው ካለህ ግን ቀጭኑ ሲገባ ድምፁ ሊመለስ ይችላል፣ አትደንግጥ፣ ከየት እንደሚመጣ ስማና ንገረን። ትንሽ ነድተህ ካሞቅከው በኋላ ውሰደው፣ ወፍራም ዘይት ቀዝቃዛ ሆኖ ቶሎ አይወርድም። ዋናው ነገር፣ ከታች ከማፍሰሳቸው በፊት የላይኛውን የመሙያ ቡሎን ፈትተው ያሳዩህ። እሱ ዝጎ እንቢ ካለ ከታች አፍስሰህ ከላይ መሙላት ሳትችል ጋራዥ ትቀራለህ። የወረደውንም ዘይት እየው። የማፍሰሻው ቡሎን ጫፉ ላይ ማግኔት ካለው ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ይዞ ይወጣል፣ ያ ችግር የለውም። የብረት ስባሪ ካየህ ግን ስለ እጀታ ማሰቡን ትተህ ካምቢዮውን አስከፍት። የሚገባው ወደ 2 ሊትር ነው፣ በመሙያው ቀዳዳ ሊፈስ ሲል ይበቃዋል።