የአያቶቻችን የርስት ሙግት መዝገብ ለማን ይከፈት?

አወያይ፦ ሰሞኑን አንድ አባላችን ከአንድ የጎጃም ወረዳ መዝገብ ቤት ያነሳውን የ1951 ዓ.ም. የርስት ክርክር ገጽ እዚህ ቴሌግራም ቡድናችን ላይ ለጥፎ ነበር። ገጹ ላይ የሰዎች የዘር ቆጠራ ስላለበት ግማሹ "ይጥፋ" አለ፣ ግማሹ "ሌላም ካለህ ጨምር" አለ። እኔ ለጊዜው አንስቼዋለሁ። የዛሬው ክርክር ይኸው ነው፦ እንዲህ ያለ የድሮ መዝገብ የቤተሰቡን ታሪክ ለሚፈልግ ሁሉ ይከፈት ወይስ አይከፈት? የተሳደበ ይወጣል።

የለጠፍኩት እኔ ነኝ፦ ይከፈት። ሌላ ምን አለን? በአገር ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በሐምሌ 2008 መጨረሻ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ (የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ) ደንግጎ ነበር፤ ግን እዚያው ቁጥር 3361 ላይ በሌላ ትእዛዝ እስኪነገር ድረስ ይቆይ ተባለና ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። ርስት ደግሞ በአባትም በእናትም ይጠየቅ ስለነበር ተሟጋቹ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አቅኚ አባት ጀምሮ እስከ ራሱ መቁጠር ነበረበት። እኛ ቤት ወንዶቹ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራሉ፣ ሴቶቹ "የእገሌ ሚስት" ተብለው ይታለፋሉ። የቅድመ አያቴን እናት ስም ያገኘሁት እዚያ መዝገብ ውስጥ ነው። መሬቱ የመጣው በእሷ በኩል ስለሆነ ሊያልፏት አልቻሉም። ከስሟ ሥር በቀይ እርሳስ ተሰምሯል። ያን ሳይ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ስም አልጽፍም፦ እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። የለጠፍከው ገጽ ላይ ተከሳሹ "ከሳሽ የዚህ ቤት ዘር አይደለም፣ አያቱ ውላጅ ነበር" ይላል፤ የባሪያ ልጅ ማለቱ ነው። ያ ከሳሽ አያቴ ነው። ገጹ እዚህ የቆየው ሁለት ሰዓት ነው፤ ማታውን እህቴን ሽማግሌ ልከው የጠየቁ ሰዎች ስልክ ላይ ደርሷል። ይኸው እስከ ዛሬ ድምፃቸው የለም። ባርነት በ1934 በአዋጅ ቀርቷል የምትሉኝ ካላችሁ እኔም አውቃለሁ። አዋጁ ግን የሽማግሌዎቹ ጉባኤ ላይ አልተጠራም።

ሕግ አዋቂ፦ ሁለቱም መብት አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት አካል መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ እዚያው ውስጥ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ ገደብ ተበጅቶለታል። በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። በእኔ አስተያየት ግን በግልጽ ችሎት የተነገረ ቃል ምስጢር ሊባል አይገባም።

ስም አልጽፍም፦ ያኔ ችሎት የሰማው ሃምሳ ሰው ቢሆን ነው፣ እሱም ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ጎረቤት። ቴሌግራም ጎረቤት ነው እንዴ?

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁና ትንሽ ልናገር። የርስት መዝገብ አንድ ወረቀት አይደለም። ክስ አለ፣ መልስ አለ፣ የመልስ መልስ አለ፣ የምስክሮች ቃል አለ፣ መጨረሻ ላይ ፍርድ አለ። አንተ ያነሳኸው መልሱን ነው። በርስት ሙግት "ዘራችን አይደለህም" ማለት የታወቀ መከላከያ ነበር፤ ነገረ ፈጁ ያን ሳይል ቢቀር ባለጉዳዩ ገንዘቡን ያስመልሰው ነበር። መልሱን ብቻ ነጥሎ መለጠፍ የአንድ ባላጋራን ስድብ ከስድሳ ዓመት በላይ አቆይቶ ማድረስ ነው። ፍርዱን አይተኸዋል?

የለጠፍኩት እኔ ነኝ፦ አላየሁም ጋሼ። "ቶሎ በል፣ ልንዘጋ ነው" አሉኝ፤ አራት ገጽ አንስቼ ወጣሁ።

ጡረተኛው፦ አየህ። ፍርዱ ከኋላ ነው የሚታሰረው። መዝገቡ መሬት ላይ በጀርባው ስለሚደረደር ምስጥም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ሲባጎውን ፈትቶ መሐሉን ስቦ ያወጣ ሰው ደግሞ መልሶ በቦታው አያስገባውም። ስንቱን መዝገብ ፍርድ አልባ ሆኖ አግኝቼዋለሁ መሰላችሁ። ቢሆንም "ይቆለፍ" የምትሉትም አልገባችሁም። በ1983 የእኛ መሥሪያ ቤት ሲዘረፍ መጀመሪያ የተሰበረው የተቆለፈው ክፍል ነው፤ ብር ያለበት መስሏቸው። ወረቀቱ ገበያ ወጣ። እኔ ራሴ የአንድ ብር ቆሎ ገዝቼ የጠቀለሉልኝን ብፈታው ማኅተም ያለበት የፍርድ ግልባጭ። ቆሎውን ኪሴ ውስጥ ገልብጬ ወረቀቱን ይዤ ገባሁ፣ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ደብተራው፦ እኛም ዘንድ ያው ነው። የጉልቱ፣ የመሬት ስጦታው፣ ጽሑፍ ወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ማን ለማን ሰጠ፣ ምስክሩ ማን ነበር፣ ሁሉም አለ። ለማየት የሚመጣ ሰው ዘሩን ይናገራል፣ ቄሰ ገበዙ (የደብሩ ንብረት ጠባቂ) አጠገቡ ቆሞ ይገልጥለታል፣ የሚፈልገውን በእጁ ይገለብጣል። ፎቶ የለም። ይጥፋ ለሚሉት ደግሞ ብራናው ላይ ያለውን ግዝት ላስታውስ፦ "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ"። የተወገዘው የሰረቀው ብቻ አይደለም፣ የፋቀውም ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አባ፣ እኔ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ለመድረስ የሁለት ወር ደመወዝ ነው የሚያስፈልገኝ። በ1960ዎቹ ማይክሮፊልም የተነሱት ብራናዎች ቅጂ እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ስላለ ከዚህ ሆኜ ማየት እችላለሁ። የአያቴ ደብር ግን እዚያ ውስጥ የለም። በእጅ ይገለበጥ ስትሉ አገር ቤት ላለ ሰው ብቻ ነው የፈረዳችሁት።

ደብተራው፦ እውነትሽን ነው ልጄ። ዘመድ ላኪና ይገልብጥልሽ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ዘመዶቼን ለማግኘት እኮ ነው መዝገቡን የፈለግኩት 😅

የለጠፍኩት እኔ ነኝ፦ ስም አልጽፍም ላልከው ወንድሜ፦ ይቅርታ። ሰኞ ተመልሼ እሄዳለሁ፣ የመዝገቡን ቁጥር ይዤዋለሁ። ፍርዱን ካገኘሁ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንስቼ ለአንተ ብቻ ነው የምልከው።

ስም አልጽፍም፦ አያቴ የተረቱ ቢሆንም ላክልኝ።

ጡረተኛው፦ ስትሄድ ሲባጎ ይዘህ ሂድ። የእነሱ አልቆ ይሆናል።