ጥቆማ፦ ጎንደር ውስጥ ኮንታክት ሌንስና ሶሉሽን የት ይገኛል?

ባለ ስድስት ቁጥር፦
ሰላም የጎንደር ልጆች። ቁጥሬ የቀኙ -6.50፣ የግራው -6.00 ነው። ያለ መነጽር በሩ ላይ የቆመው እናቴ ትሁን አባቴ አልለይም። ኮንታክት ሌንስ ያስለመደችኝ አዲስ አበባ ያለች እህቴ ናት፤ ሰው ሲመጣ ትልክልኝ ነበር። አሁን የሚመጣ ሰው ጠፋ፣ የምዘፈዝፍበት ፈሳሽ፣ ሶሉሽኑም፣ እያለቀ ነው። ከፒያሳ እስከ አራዳ ፋርማሲ ስጠይቅ ግማሹ የዓይን ጠብታ ያወጣልኛል፣ ግማሹ «ባለ ቀለሙን ነው?» ይለኛል። ኧረ ሙሽራ አይደለሁም፣ ማየት ነው የፈለግኩት! መነጽር አለኝ፤ ግን ከብዶ አፍንጫዬን አቆሰለኝ፣ የድስት ክዳን በከፈትኩ ቁጥር እንፋሎት ይሸፍነዋል። አውልቄው መንገድ ከወጣሁ ደግሞ ሰላም የሚለኝን ሰው ስለማላይ «ኮርታለች» ተብዬ ተወራብኝ። ሶሉሽን የያዘ ቤት፣ ሌንስ ለክቶ የሚያዝ ቤት ጠቁሙኝ። ጥምቀት ሳይደርስ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ በዚያ ግፊያ መነጽር አይሆንም።

የማራኪው፦
መነጽርሽን አድርጊ እታለም። ዓይን ውስጥ ፕላስቲክ ምን ይሠራል?

አራዳ ሰፈር፦
የመነጽር ነገር ከተነሳ እኔን ስሙኝ። ስም አልጠራም፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። የሐኪም ወረቀት ይዤ ሄድኩ፣ ቀብድ ከፈልኩ፣ «ማክሰኞ ና» አሉኝ። ማክሰኞ መብራት ጠፋ። ሐሙስ ማሽኑ ተበላሸ። ከዚያ ሌንሱ ገና ከአዲስ አበባ አልመጣም ተባለ፤ ታዲያ መብራት የጠፋው ምን ሊሠሩበት ነበር? በስንት ምልልስ ደርሶ ሳደርገው መሬቱ ወደ ላይ መጣብኝ። «ይለመዳል» አሉኝ። ራሴን እያመመኝ ከደረጃ ልወድቅ ስል ሌላ ቤት ወስጄ በማሽን አስለካሁት። የቀኙን ሌንስ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጥመውታል! ተመልሼ ስነግረው ባለቤቱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ገልብጠህ አድርገዋ»።

የአዘዞ ልጅ፦
ደረጃውን ወጥተህ በስተቀኝ ያለው ነው?

አራዳ ሰፈር፦
ስም አልጠራም አልኩ እኮ።

የአዘዞ ልጅ፦
በስተግራ ያለው ነው ማለት ነው።

የልጆቼ እናት፦
በስተግራ ያለውን እንዳትነኩብኝ! አባቴም ነፍሱን ይማረውና እዚያው ነበር የሚያሠራው። ብሎን ሲላላ በነጻ ያጠብቅልኛል፣ ቁጭ በይ ብሎ ሻይ ያዛል። አምና የሌላ ሰው መነጽር ሰጥቶኝ ነበር፤ ሰው ነው፣ ይሳሳታል። እኔም ደህና ያሳየኛል ብዬ ባለቤቱ ፈልገውኝ እስኪመጡ አደረግኩት። ጨዋ ሰው ነው።

አራዳ ሰፈር፦
የሌላ ሰው መነጽር አድርገው ነው የሚመሰክሩለት?

የልጆቼ እናት፦
ከገለበጠብህ ይሻላል።

ባለ ስድስት ቁጥር፦
ይቅርታ፣ ኮንታክት ሌንስስ?

ኮስሞቲክስ ሻጭ፦
አለ ውዴ። ግራጫ፣ ማር፣ አረንጓዴ። ዋጋ በውስጥ መስመር።

ባለ ስድስት ቁጥር፦
-6.50 አለሽ?

ኮስሞቲክስ ሻጭ፦
ቁጥር የለውም ውዴ፣ ለሁሉም ይሆናል።

ነገር አዋቂ፦
ለሁሉም ይሆናል! ነጠላ ጫማ እንኳ ተለክቶ በሚገዛበት አገር። ሲሆን ደግሞ ዓይኗ አረንጓዴ ሆኖ ባጃጅ ይግጫት፤ ቢያንስ ፎቶዋ ያምራል።

ኦፕቶሜትሪስቱ፦
ዓይን መለካት ሥራዬ ስለሆነ ልግባበት፤ ሱቅ ግን አልጠቁምም። እህቴ፣ ሌንስ ቁጥር ባይኖረውም ልክ አለው። የኮርኒያ፣ ማለትም ሌንሱ የሚያርፍበት የዓይን ፊት ጥርት ያለ ሽፋን፣ ጉብጠት እንደየሰው ይለያያል። ፓኬቱ ላይ 8.6 እና 14.2 ብሎ የሚጽፈው እሱን ነው፤ አንዱ የሌንሱ ጉብጠት፣ ሌላው ስፋቱ፣ በሚሊሜትር። ልክሽ ያልሆነ ሌንስ ወይ ይንሸራተታል ወይ ጨምቆ ዓይኑን ያቀላዋል። ስለዚህ ያለቀውን ፓኬት አትጣይው።

የመነጽር ወረቀትሽን ብቻ ይዘሽም እንዳታዢ። መነጽር ከዓይን 12 ሚሊሜትር ያህል ርቆ ይቀመጣል፣ ኮንታክት ሌንስ ግን ዓይኑ ላይ ነው የሚያርፈው። ቁጥር ከ4 ሲያልፍ ይህች ርቀት ለውጥ ታመጣለች፤ ያንቺ -6.50 ወደ -6.00፣ የግራው ደግሞ ወደ -5.50 ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ ሲሊንደር (የዓይኑ ጉብጠት በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለመሆኑን የሚያሳይ ቁጥር) ከተጻፈ ቶሪክ የሚባለው ዓይነት ያስፈልግሻል። ልኬቱን ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሄደሽ ጠይቂ፤ ዩኒቨርሲቲው ኦፕቶሜትሪ የሚያስተምር ስለሆነ የሚለካ ባለሙያ አይጠፋም።

ሶሉሽን ሲያልቅ በሳላይን (በጨው ውሃው) እንዳትተኪው። ሳላይን ያለቀልቃል እንጂ ጀርም አይገድልም። ትናንት የዘፈዘፍሽበት ላይ አዲስ መጨመርም የለም፤ ድፍት አድርጎ መተካት ነው። መያዣዋንም በየ3 ወሩ ቀይሪ። ውሃ ደግሞ ጭራሽ አይነካውም፤ የቧንቧም ቢሆን የታሸገም። አካንታሚባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ አለ፤ ሌንሱ ሥር ገብቶ ኮርኒያን ከያዘ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ ዓይን የሚያጠፋበትም ጊዜ አለ። ሶሉሽን የለም ማለት የዚያን ቀን መነጽር ነው።

የማራኪው፦
የቧንቧ ውሃ አልክ? የትኛው ቧንቧ? እኛ ሰፈር ፈረቃችን የሚደርሰው ሰው ሁሉ ተኝቶ ነው። ጀሪካን ይዤ እየዞርኩ ስለ አካንታሚባ ላስብ?

ፒያሳ ላይ ያደግኩ፦
እናንተ ጋ በፈረቃም ቢሆን ይመጣል።

(ከዚህ በታች ስለ ውሃ ብዙ ተባለ፤ የአዘዞ ልጅ ቦቴ የሚያመጣ ሰው አውቃለሁ እስከማለት ደረሰ።)

እማሆይ ሰፈር፦
ጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ ላይ የሚረጨውስ? እሱም ጀርም አለበት ልትሉ ነው?

ኦፕቶሜትሪስቱ፦
እንዲያስ አልወጣኝም እናቴ። ጸበሉ በረከት ነው፤ ሌንሱ ነው ያረፈበትን ሁሉ መጥጦ የሚይዘው። አውልቆ መጠመቅ ነው። የግድ አድርጋ ከወጣች የአንድ ቀኑን ዓይነት ትፈልግ፤ ውሃው ሲመጣ ዓይኗን ትጨፍን፣ ዓይኗን ከነካት ወዲያው አውልቃ ትጣለው።

የልጆቼ እናት፦
ልጄ፣ አንተ ካወቅክ አማቴ ሞራ ግርዶሽ ጀምሯቸዋል። የሚጠርግ ጠብታ አለ ይላሉ፣ የት ይገኛል?

ኦፕቶሜትሪስቱ፦
ሞራን የሚጠርግ ጠብታ የለም፤ ኦፕራሲዮን ብቻ ነው። ዓይን ክፍል ይምጡና ይታዩ። ደጅ ላይ የሚሸጥ ጠብታ እንዳይጨምሩ አደራ።

ባለ ስምንት ቁጥር፦
ባለ ስድስት ቁጥር፣ ታናሼ ነሽ። እኔ በሌንስም በመነጽርም የኖርኩ ነኝ። መነጽርሽ የከበደው ትልቅ ፍሬም መርጠሽ ይሆናል፤ የማይነስ ሌንስ መሐሉ ስስ፣ ጠርዙ ወፍራም ስለሆነ ፍሬሙ ሲያንስ ውፍረቱ አብሮ ይቆረጣል። 1.67 የሚሉት ስሱ ሌንስ አለ፣ ኪስ ይጎዳል እንጂ ልዩነቱ ይታያል። የአፍንጫ ማረፊያው ሲሊኮን ይሁንልሽ። ኩል የምትኳዪ ከሆነ ሌንሱን መጀመሪያ አስገቢ፣ ስታወልቂም ሌንሱ ይቅደም። እጅሽን ታጥበሽ በነጠላ እንዳታደርቂ፤ የነጠላ ክር ዓይን ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ጠላቴ ብቻ ይየው። ሌንሱን አድርጎ መተኛትም የለም፣ ለቀትር ሸለብታም ቢሆን። ዓይንሽ ቀልቶ ካመመሽ፣ ብርሃንም ከጠላ፣ አውልቀሽ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ጋ።

የአዘዞ ልጅ፦
በኦፕራሲዮን ገላገይ እንጂ። ሌዘር አለ አይደል?

ኦፕቶሜትሪስቱ፦
ቁጥሩ መጨመር አቁሞ፣ ኮርኒያው ውፍረቱ ተለክቶ ነው። ሁሉም ዓይን አይሆንለትም።

ባለ ስድስት ቁጥር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። በውስጥ መስመር አንድ ቤት ጠቁመውኛል፣ ነገ ልሞክር።

ባለ ስምንት ቁጥር፦
የትኛው ቤት? እኔም ሶሉሽን ጨርሻለሁ።

ፒያሳ ላይ ያደግኩ፦
እህት፣ ተገኘ? ለኛም ጻፊልን።

ባለ ስምንት ቁጥር፦
ጥምቀትም አለፈ እኮ።

አራዳ ሰፈር፦
እኔ ቀብዴን እስካሁን አልመለሱልኝም።