ኳስ በእጅ የሚይዘው ጉፊ

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ? ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነኝ። ትናንት ቡና እየተፈላ ከወንድሜ ልጅ ጋር የጉፊን፣ የዚያን የዲዝኒ ውሻ፣ የድሮ የፉትቦል ካርቱን ከፈትን። የ7 ዓመቱ ልጅ፣ የአባ ቡና እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ ነው፣ «አጎቴ፣ እጅ! እጅ ነው! ዳኛው የት ሄደ?» ብሎ ቤቱን አናወጠው። ደግሞ ተጫዋቹ ሁሉ አንድ መልክ ነው። ምን ልበለው?

መልስ፦ የአሜሪካ ፉትቦል ነዋ! እዚያ በእጅ ይዞ መሮጥ ይቻላል። ዲዝኒ በ1944 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፣ ዳይሬክተሩ ጃክ ኪኒ። ተጫዋቹም ሁሉ ያው ጉፊ ነው።

ሌላ መልስ፦ እኔን የሚገድለኝ ተራኪው ነው። እንደ አስተማሪ ኮስተር ብሎ ሕጉን ያብራራል፤ ሥዕሉ ግን ሌላ ጉድ ያሳያል። ለኦስካርም ታጭቶ ነበር።

ጠያቂ፦ ነገርኩት። «ታዲያ ለምን እጅ ኳስ አይሉትም?» አለኝ። ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።